ትኩስ

ለዘጠኝ ቀን ጉዞ ሦስት ወር ተሰለፍን፣
ፎቶና ማኅተም፣ የባንክ ደብተር ይዘን፤
አሥራ አንድ ተማሪ፣ መሪያችን ላንቃሞ
የሁላችንን ፓስፖርት በደረቱ ተሸክሞ።

ዳንጊሶ ወንድሜ፣ ለአዲስ መረብ ብሎ
ያጠራቀመውን ከሣጥኑ ጎልጉሎ፣
«ካፖርት ግዢበት፤ ብርዱ አይጣል ነው» አለኝ።
«መረቡስ?»
«ዓሣው የትም አይሄድ፤ ይጠብቀኝ።»

ሆላንድ ስንደርስ ሰማዩ ቆርቆሮ፣
ነፋሱ ጆሮዬን የሚጠርብ መሮ።
ከዓሣ ፋብሪካው በር ቦት ጫማ አጠለቅን፣
እጃችንን በሳሙና ሁለቴ ታጠብን፣
ለፀጉራችን ደግሞ ስስ መረብ አደሉን።
«ይኸው መረብ!» አለች ረድኤት ስታሾፍ፤
እኔ ግን ዝም አልኩ፣ ይዤ የካፖርቴን ቁልፍ።

አስጎብኚዋ ሳስኪያ ፈጥና ትራመዳለች፣
በየመስመሩ ቆማ ጣቷን ትቀስራለች፦
ቆዳው ለጄላቲን፣ አጥንቱ ለመኖ፣
ጭንቅላቱ ለሾርባ፣ ታጥቦና ተመዝኖ።
ወለሉ ላይ አንዲት ቅርፊት እንኳ የለች።
«የሚጣለውስ?» ብላት፣
«የቱ?» አለች።

እኔ የታየኝ ግን አሞራ ገደል ነው፤
መላጣው አባ ኮዳ፣ ተራ የሚጠብቀው፣
ጡረታ እንደወጣ ዳኛ ትከሻውን ሰብሮ፣
አንጀት ከአየር ቀልቦ፣ ውጦ፣ ደግሞ አቀርቅሮ።
የእኛ ሁለተኛ መስመር እሱ ነው፤
ያለ ደመወዝ፣ ያለ ቦት ጫማ ውሎ የሚገባው።

ከዚያ ሳስኪያ ቴርሞሜትር ከዓሣ ሆድ ከታ፣
ቁጥሩን አሳየችን ወደ ብርሃን አውጥታ፦
«አንድ ዲግሪ። ትኩስ ማለት ይህ ነው።»
ቃሏን በሆዴ ወደ አማርኛ ስመልሰው
እግሩ ተሰናከለ።
በእኛ ቤት ትኩስ ከእሳት የወጣ ነው፤
ትኩስ ዳቦ፣ ትኩስ ሻይ፣
ትኩስ ኀዘን፣ እንባው ያልደረቀው።
እዚህ ግን ትኩሱ በረዶ ላይ ተኝቷል፤
አንዴ ብነካው ጣቴ ደንዝዟል።

ለመሰናበቻ ለሁሉም ቁልፍ መያዣ ሰጡ፤
ለእኔ ብቻ፣ ጥያቄ ስላበዛሁ ይሆናል፣
መስታወቱ የተጫረ አሮጌ ቴርሞሜትር።

ሐዋሳ። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ሆኗል።
ዳንጊሶ ጀልባውን ወደ ዳር ይስባል፤
መረቡ አራት ቦታ በሲባጎ ተቋጥሯል።
«ትኩስ ቆሮሶ! ትኩስ!»
ከአንዱ ሆድ ቴርሞሜትሬን ሰደድኩ።
ሃያ ስድስት።
«ምነው?» አለኝ፣ «ትኩሳት አለው?»
መቅዘፊያ የያዙት ልጆች በሳቅ ወደቁ፤
«መሞቱ ሳያንሰው፣ ደግሞ መታመሙ!»

ስለ ጄላቲኑ ትንፍሽ አላልኩም።
በረዶ ያስፈልጋል አልኩ።
«ስንት ነው?»
«የሁለት ዓሣ ዋጋ።»
«ሁለቱን ብሰዋ ሌላው ይድናል?»
«አይድንም፤ ግን መበስበሱ ይዘገያል።»

በማግስቱ ከመናኸሪያው ጀርባ፣ ከጭማቂ ቤት፣
በሰጋቱራ ጠቅልዬ በባጃጅ መጣሁለት።
ሰማያዊው ሳጥን ግን ክዳን አልነበረውም፤
ፀሐይ ደግሞ የማንንም ዲግሪ አታከብርም።
ካፖርቴን አመጣሁ። ከመጣሁ ወዲህ ምስማር ላይ ነበር።
ሳጥኑን አለበስኩት፣
ቁልፎቹን አንድ በአንድ እስከ አንገቱ ቆለፍኩ።
እኩለ ቀን ላይ፣ ዘጠኝ ዲግሪ።

ሦስት ሴቶች መጡ። አንዷ ዓሣውን ዳሰሰች፣
እንዳቃጠላት ሁሉ ጣቷን ጨበጠች፤
«ይኼማ በርዷል፤ የትናንት ነው። ትኩስ የለህም?»
ዳንጊሶ አየኝ።
ያንን ሁሉ ማስታወሻ ጽፌ፣
ለዚች ሴት የሚሆን አንድ ቃል አልነበረኝም።
«ካፖርቱንስ ለምን ለበሰ?» አለች ሁለተኛዋ።
«ትኩሳት ነበረበት» አላት ወንድሜ፣ «አሁን ለቀቀው።»

ሁለቱ ሄዱ። ሦስተኛዋ ግን ቆመች፤
ከካፖርቱ ሥር ጣቷን ቀስ ብላ ሰደደች።
አባ ኮዳ ከድንጋዩ ላይ አንገቱን አዘነበለ፤
የሚጣል ነገር ገና አልመጣለትም።