የተሰፋው ቀዳዳ

ከብቸና ስነሣ፣ አባቴ የሰጠኝ
አንድ የፍየል ቆዳ፣ በፌስታል ጠቅልሎ፤
እስከ መናኸሪያው እየሣቀ ሸኘኝ፣
«ለማይታዩት ከብቶችሽ ግጦሽ ይሁን» ብሎ።

ሚኒባሱ ሲሞቅ ሽታው ተነሣና
አንዲት ሴት በሻርፗ አፍንጫዋን ያዘች፤
«የማን ዕቃ ነው ይሄ?» ረዳቱ ዞረና፤
ፌስታሉን አይታ «የፋቂ ልጅ» አለች።

እውነቷን ነው።
የአለኸኝን ብራና ስንቱ ተሳለመው፣
ስንቱ ቄስ በሐር ጨርቅ ሸፍኖ አኖረ፤
የፋቀውን እጅ ግን ማንም አልጨበጠው፣
ከደጃችን ውሃ ጠጪም አልነበረ።

ማርቆስ። ሦስተኛ ፎቅ። ቤተ ሙከራችን
መብራት በሄደ ቁጥር ፍሪጁ ያለቅሳል፤
አንሙት ጄኔሬተር ሊለምን ሲወርድ
የባክቴሪያው ሳህን ብብቴ ሥር ይሞቃል።
(ሠላሳ ሰባት ዲግሪ ነው የሚስማማቸው፤
ካፖርቴን ደርቤ አቅፌ አሳደርኋቸው።)

ሁለት መቶ ሠላሳ አንድ ፊደል የቆጠርሁ
እዚህ አራት ብቻ አንብቢ ተባልሁ፤
ኤ፣ ቲ፣ ጂ፣ ሲ፤ በቃ። እሱን እየደገምሁ
ከቄራ ጓሮ አፈር አንድ ዘረመል ለቀምሁ፣
ፀጉርን ከቆዳ ማላቀቅ የሚያውቀውን፤
ለሌላ ተሐዋሲ ሰፋሁለት ያንን።

ሰው ሠራሽ ሥነ ሕይወት ይሉታል ትምህርቱን።
ለፋብሪካ ነው፤ ኖራና ሰልፋይዱን
ወንዝ ከመድፋት ይልቅ፣ በአንዲት ሌሊት ፋታ
ኢንዛይሙ ፀጉሩን ያወልቃል በእርጋታ።
ማመልከቻ ላይ ሲጻፍ እንዲህ ያምራል።

በዐሥራ አራተኛው ሙከራ፣ ዓርብ ማታ፣
የአባቴን ቆዳ ገንዳው ውስጥ ነከርሁት፤
ጠዋት ፀጉሩ ሁሉ ተንሳፍፎ አገኘሁት።
አንሙትን ጠርቼ፣ ወደ መስኮት ዞሬ
ከፍ ባደርገው
ጡጫ የሚያሳልፍ ቀዳዳ፤
በቀዳዳው ውስጥ የከተማው ቆርቆሮ ይታያል።
«ብሉ» ብዬ ጽፌ፣ «ይብቃችሁ» አልጻፍሁም።

የዚያኑ ዕለት ብቸና ገባሁ።
አባቴ ቆዳውን በፀሐይ ፊት ይዞ፣ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ
በቀዳዳው አየኝ።
አልሣቀም። ጅማትና ወስፌ አምጥቶ
ጠርዙን እየሳበ፣ እየሰፋ አጠበበው።

«ጸሐፊው ይዞረዋል» አለኝ። «ቃሉ እዚህ ሲደርስ
ይከፈላል፤ ማዶ ተሻግሮ ይጨርሳል።
እኔም ልጅ ሳለሁ ስንቱን በስቻለሁ።
ግን ከብቶችሽ፣ ጥሩዓለም፣ ጆሮ አላቸው ወይ?
ሥጋው አልቆ ቆዳው ሲጀምር ቢላው ድምፁን ይለውጣል፤
እኔ ያን ሰምቼ ነው እጄን የምይዘው።»

ጆሮ።
ደብተሬን አወጣሁ።
«ኮላጅን ሲነካ ይስማ፤ ሲሰማ ይቁም»
ብዬ ጻፍሁ፣ ወደ አራቱ ፊደል ገና ያልዞረ።
እሱ ደግሞ ቢላውን በድንጋይ ይስል ጀመር።
ያ ድምፅ ገንዳ ውስጥ ከገባ በኋላ
ቢላው ለማን እንደሚሆን አልጠየቀኝም፤
እኔም አላነሣሁት።

ስመለስ ፌስታል አልነበረኝም።
የተሰፋውን ቆዳ ከጎኔ ወንበር ላይ ዘርግቼ
ክሩ ላይ ጣቴን አመላልሳለሁ።
ረዳቱ «ሒሳብ!» ሲለኝ
«የሁለት ሰው ቁረጥ» አልሁት።