በእናት ስም

ጥር ነው፣ ብሩክስ፣ አልበርታ፤ ከዜሮ በታች ሠላሳ አንድ፤
የሥጋ ፋብሪካው አውቶቡስ ጥሎኝ ሄዷል ከመንገድ።
ጓንቴን በጥርሴ አውልቄ ሒሳቤን ከፍቼ አየሁ፤
ደጃፌ ላይ ቁልፍ ይዤ፣ ሳልገባ፣ ቆየሁ።

መጀመሪያ አንድ ዶናት፣ ሁለት ዶላር ከአሥራ ዘጠኝ ሳንቲም፤
ወንዙን በእግር ጣት እንደሚሞክር፣ ሳይቸኩል፣ ሳይደነግጥም።
ከዚያ ሜዲስን ሃት ላይ ቤንዚን፣
ከዚያ ስምንት መቶ፣
ከዚያ ስምንት መቶ፣ እንደገና ተመልሶ መጥቶ።
አርባ ሰባት ዶላር ተርፎኛል። ስድስት ወር የቆረጥኩት
የላም ትከሻ፣ የኔም ትከሻ፣ እዚያ ውስጥ ነበር ያጠራቀምኩት።

ባንኩ አርባ ደቂቃ ሙዚቃ አሰማኝ፣ «ጥሪዎ ክቡር ነው» እያለ፤
ክብሩ እስኪበቃኝ ድረስ ጆሮዬ ተቃጠለ።
በመጨረሻ ማርጎ የምትባል፣ ጉንፋን የያዛት፣
«ከሌሊቱ ሁለት ሰዓት ከአሥራ ሦስት» አለች፤
ስምንት ብዬ ወደ ራሴ ሰዓት መለስኳት።
«የይለፍ ቃል ጠፋኝ ብሎ ደወለ። ጠየቅነው። አንድም አልሳተም።
የልደት ቀን፣ የመንገድ ስም፣ የእናት ከጋብቻ በፊት ስም።
ድምፁም፣ ይቅርታ ጌታዬ፣ የርስዎን ነው የሚመስለው።»
ከጋብቻ በፊት ያለችው ነው ልቤ ላይ የወደቀው።

ሒሳቡን የከፈትኩ ቀን በዚህ ጥያቄ ስቄ ነበር፤
የእኛ እናት ባል ብትለውጥ እንኳ ስሟን ይዛ ነው እስከ መቃብር።
ሳጥኑ ግን ባዶ አይቀበልም፤ ጸሐፊዋ ብዕሯን አሽከረከረች፤
እኔም ከጋብቻ በፊት ማን ነበረች ብል፣ አንዲት ልጅ መጣች፣
ሠርግ ለማየት ድንጋይ ላይ የምትቆም፣ ቁመት ያጠራት፣
ሰፈሩ ሁሉ «ሽምብሬ» ያላት።
ጻፍኩት።

አሁን ማርጎ ታነበዋለች። «ሽም…» አለች፣ ተነፈሰች፣ «…ብሬ?»
አዎ፣ ማርጎ። እሱ ነው የሄደው። ብሬ።

ይህን ስም በዚህ አገር የምናውቀው ሁለት ነን፤
ከአንድ ሆድ የወጣን።
አምሃ ይባላል ታናሼ፤ እናቴ አርባ ሁለት ሞልቷት
ከእንግዲህ በቃኝ ስትል፣ ሳታስበው የተላከላት።
ካልጋሪ ከአውሮፕላን ሲወርድ ጃኬቴን አውልቄ ያለበስኩት፤
ካምና መስከረም ወዲህ ድምፁን ያልሰማሁት።
ቁማር ቤት አየነው አሉኝ፤ ሰው መቼም ወሬ አያጣም፣
ብዬ አለፍኩት። ይቆይ እንጂ፣ ሳይደውል አይቀርም።
ደወለ ለካ።
ለባንኩ።

«በእናትህ» ብሎ ለምኖኝ እምቢ ያልኩት ሰው የለም፤
ይሄ ባንክም የኛ ሰው ነው ለካ፣ እሱም አይችልም።
በእናቴ ስም ቢለምኑት
እጁን ፈታ፣ ምን ያድርጉት።

«ሰውየውን ያውቁታል?» አለች ማርጎ፣ «ወይስ ፈቅደው ሰጥተውት ነው?
ስጦታ ከሆነ አይመለስም። ካልሆነ ለፖሊስ ነው የሚላከው።»
«አምሃ ነው» አልኩ በአማርኛ፣ ሳላስበው፣ ለራሴ።
«ምን አሉኝ? ይተርጉሙልኝ።»
ተጣበቀ ምላሴ።
ቃሉ ወደ እንግሊዝኛ ሲሻገር ለሁለት ተሰነጠቀ፤
በአንዱ ፖሊስ በሩን አንኳኳ፣ በአንዱ ወንድሜ ሳቀ።

ውጭ የበረዶ መጥረጊያው መኪና ቢጫ መብራቱን እያዞረ አለፈ።
«አልፈቀድኩም» አልኩ። አራት ሆሄ ነው ስሙ፤ በቀስታ ተጻፈ።

«አዲስ የምስጢር ቃል ያስፈልገናል» አለች፣ «ከርስዎ በቀር ማንም የማያውቀው።»
የመጀመሪያ ትምህርት ቤቴን? እጁን ይዤ የወሰድኩት እኔ ነኝ፣ እዚያው ነው የተማረው።
የውሻችንን ስም? እሱ ነው ያወጣው።
የመጀመሪያ ፍቅሬን? ደብዳቤዬን ያደረሰላት እሱ ነው።
ሳስብ ቆየሁ። መስመሩ ዝም አለ፤ ማርጎን አስነጠሳት፤
በኋላ ቢላዬ እጀታ ላይ የተቀረጸውን ቁጥር ሰጠኋት።
አራት፣ አራት፣ ሰባት፣ አንድ።

ስለ ሥራዬ አምሃ ጠይቆኝ አያውቅም።