ክንፍ ያላወጣ

እጯን የቀዳቻት ነዚፋ ነበረች፣
ከቦዬ ረግረግ ዳር፣ በሰኔ፣ በጭልፋ።
ስታድግ ክንዴን ሰጠኋት፤ ጠጥታ ጠገበች፤
በሦስተኛው ሌሊት እንቁላል ጥላ ሞተች።

እንቁላሉን በበረኪና አጠብን፣
በመስታወት ዘንግ ደቆስን፣
ስኳርና ጨው፣ የጥጃም ደም ውኃ ባለው ጠርሙስ ዘራን።
ሰባት ሳምንት ምንም።
በስምንተኛው፣ ከማይክሮስኮፑ ዓይን ሥር፣
አንድ ክብ ነገር ሁለት ሆኖ አደረ።

«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ሲሉ
እስቅ ነበር ድሮ።
ይሄኛው እግር የለው፣ ክንፍ የለው፣ አፍ የለው፤
እንዴት ስድሳ አንደኛው ጠርሙስ ገባ ተሻግሮ?
እኛ ዘር ብንቆጥር እስከ ሰባት ቤት ነው፤
ከዚያ ወዲያ ያለውን ጋብቻም አይፈራው።
እናቱ ከሞተች ሦስት ክረምት አለፈ፤
መርዶ የነገረው የለም።

ጥቅምት ላይ፣ መላው ጅማ መብራት በጠፋበት፣
ጄኔሬተሩም ናፍጣ ባለቀበት ሌሊት፣
ጠርሙሶቹን ከደረቴ ላስጠጋ አልኩና
ተውኩት።
ሃያ ሰባት ዲግሪ ነው የሚስማማቸው፤
የእኔ ብብት ይፈጃቸዋል።
ለካ አንዳንዱን ለማኖር
አለማቀፍም አለ።
በጋቢ ጠቅልዬ፣ በክንድ ርቀት አኑሬ፣
እየዳሰስኩ ነጋ።

ጎህ ሲቀድ ነዚፋ ከነዣንጥላዋ በሩ ላይ ቆመች።
የበኩር ልጇን የወሰደው ወባ ነው።
ጫማዋን ሳታወልቅ
«አደሩ?» አለች።
«አደሩ» አልኳት።
ሌላ አልተነጋገርንም።

ዓርብ አባ ዲጋ መጣ፣ ከብት አዳቃዩ፣
የኮርማ ዘር ከሚይዝበት ጋን ናይትሮጅን ሊያካፍለን።
ማቀዝቀዝ በዝግታ ነው፣ በደቂቃ አንድ ዲግሪ፤
ማቅለጥ ግን ሩጫ።
ብልቃጡ ላይ በእርሳስ ጻፍኩ፦
ቦዬ። ስድሳ አንድ። ቀኑን። ስሜን።
ነጩ ጉም ከጋኑ አፍ ሲንተከተክ
አባ ዲጋ እጁን ሰበሰበ።
«አሁን ይሄ ሞተ ማለት ነው?»
«አልሞተም» አልኩት። «አይኖርምም።
የሚቀሰቅሰው እስኪመጣ እንዲሁ ነው።»
ክዳኑን ገጠመ። ጥቂት አሰበ።
«እንግዲያው ቶሎ ቀስቅሱት» አለ፣
«እኔ የምመጣው በአሥራ አምስት ቀን ነው፤
መንገዱ ደግሞ በክረምት አይታመንም።»