ሬዲዮውን ዝጋው

በስፖኬንና በቢሊንግስ መሃል፣
ቢዩት በምትባል የማዕድን ከተማ፣
ቫኗ አቃሰተች፣ አስነጠሰች፣ ቆመች፣
በጥቅምት ጨለማ።

ፊንታን ሄፈርናን ወረደ ከኋላ፣
አንገቱን በሻርፕ ሦስቴ ጠቅልሎ፣
በአንድ እጁ ጊታሩን፣ በሌላው ማር ይዞ፣
ስልሳ አንድ ዓመቱን በጀርባው አዝሎ።

የዳቦ ጋጋሪ ልጅ ነው፣ የሊመሪክ።
ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ሊጥ ሲያቦካ አባቱ
ምድጃው ሥር ቆሞ ይጮህ ነበር ብቻውን፤
እዚያ ነው የበሰለ ያ ሻካራ አንደበቱ።

ቦስተን ላይ ሲያርፉ አራት ሆነው ነበር፣
አራት የተራቡ፣ አንድ ካፖርት ለሁለት፤
በሃያ ስድስቱ፣ በዲትሮይት አዳራሽ
አሥር ሺህ ጉሮሮ ስሙን ጠራለት።

ከዚያ ወዲያ ያለው ሲወራ የኖረ ነው፤
እኔ አልደግመውም።
ከበሮ መቺያቸው በቶሮንቶ ሆቴል
ቢያንኳኩ፣ ቢያንኳኩ፣ በሩን አልከፈተም።
ሚስቱ ኦርላም ሄደች፦ «ድምፅህን አገባሁ፣
ሰውየውን ግን እስከ ዛሬ አላገኘሁም።»

እኔ ሾፌሩ ነኝ፤ ገመድ ጠቅላዩ፣
ማይክ ተካዩ፣ ሒሳብ አስታራቂው፤
ከዚያ ሁሉ ጭፍራ የቀረሁለት ሰው፣
ሳሉን እንኳ ሳይቀር በቁጥር አዋቂው።
ባለፈው ሲያትል ላይ ሐኪሙ አይቶት
«ስድስት ወር ዝም በል፣ ጅማቱ ተልጧል»
ሲለው ፊንታን ሳቀ፤
ሳቁም እንደ አሸዋ ወንፊት ላይ ይንሿሿል።

ጋራዡ ውስጥ አለ አንድ ሽማግሌ፣
ሚሎራድ ይሉታል፣ እጁ ዘይት በዘይት፤
ሬዲዮው መደርደሪያ ላይ ለብቻው ይጮሃል
ለጎማ፣ ለብሎን፣ ለተሰበረ መብራት።

ሚሎራድ ጎንበስ አለ፣ ከፈተ ኮፈኑን፤
ሬዲዮው ያን ጊዜ ለቀቀ ዘፈኑን፦
የፊንታንን ዘፈን፣ የዲትሮይቱን ጩኸት፣
ያልታመመ ጉሮሮ፣ የጉብዝና ሌት።
ቀና አለ ፊንታን። ትንፋሼን ያዝኩኝ።
«ይኼ እኔ ነኝ» ሊል ነው፣ ሊል ነው፣ ሊል ነው ስል
ከኮፈኑ ሥር ድምፅ መጣ፦
«ዝጋው እባክህን! ሞተሩን ልስማበት፣
ይኼ ሰው አይረብሸኝ።»

ፊንታን እጁን ሰዶ፣ ቁልፉን ጠምዝዞ
በገዛ ጣቶቹ ራሱን አጠፋ፤
ጋራዡ ዝም ሲል
ሌሊቱ ሰፋ።

«አስነሳት» አለኝ። ካቻቪቴ አንስቶ
ጫፉን ከሞተሩ ደረት ላይ አሳርፎ፣
እጀታውን ጆሮው ላይ፣ እንደ ነፍስ አባት
ዓይኑን ጨፍኖ ሰማ፣ በክርኑ ተደግፎ።

«ሦስተኛው ቫልቭ ነው፤ ዘይት ሳትጠጣ
ዳገት አስጮሃችኋት» አለን ቀና ሳይል፤
«ማሽን አይዋሽም። ሰው ግን እያመመው
ደህና ነኝ ይላል።
አንተስ፣ ሥራህ ምንድን ነው?»
ፊንታን ሻርፑን ነካ።
«እጮሃለሁ» አለ።
«ይከፍላል?»
«ከፍሎ ነበር።»

ሲነጋ ሚሎራድ ጉድጓዱን አሳየን፤
ተራራ የነበረ፣ ዛሬ ዝገት መሳይ ሐይቅ።
«ሄፈርናን የሚባል ቆፋሪ ነበር ወይ?»
ብሎ በሹክሹክታ ፊንታን ሲጠይቅ፣
«አንድ?» አለ ሽማግሌው፣ «ሃያ ነበሩ እንጂ፤
መዳቡን አወጡት፣ እነሱ አልወጡም።»
እጄ ላይ የነበረውን የማይክ ገመድ አየሁ።
ሃያ ዓመት ጠቅልዬዋለሁ፤
ልቡ መዳብ መሆኑን አንድ ቀን አላሰብኩም።

ቢሊንግስ ሩቅ ነው፣ ሁለት መቶ ማይል ያልፋል።
የዝግጅቱን ውል አራት አጥፎ ኪሱ ከተተ።
ሬዲዮ ልከፍትለት እጄን ስዘረጋ
ያዘኝ፤ ጣቱን ጆሮው ላይ አድርጎ አመለከተ።
እናም ሄድን፣
ቫልቩ እየዘፈነ፣ እሱ እየሰማ።