ሁለትና ሦስት መሃል

ቆጣሪው ዘጠኝ ሺህ ኪሎሜትር ሳይሞላ፣
የወንበሩ ላስቲክ ገና ሳይላጥ ሁላ፣
ከሁለት ወደ ሦስት ሲሻገር ማርሹ
ቀጥ ይላል ለአፍታ፣ ጠፍቶበት ምላሹ።
እንግዳ ሊያስተዋውቅ ቆሞ ከሰው መሃል
ስሙ እንደ ጠፋው ሰው ይንተባተባል፤
ከዚያ — ዷ!
ወገቤን በዱላ የመቱኝ ይመስላል፣
ቴርሞሱ ይደፋል፣ ሻይ ጭኔን ያቃጥላል።

ዋጋው በሰማንያ አራት ወር ተከፍሎ
የሚያልቅ ነው ገና፣ ከስንዴዬ ጎድሎ።
አሮጌውን ሸጥኩት ለጎረቤቴ ልጅ፣
በሩ በሽቦ እንጂ የማይዘጋ በእጅ፤
ሃያ ስድስት ክረምት በረዶ ተሸክሞ
አንድም ቀን ያልጣለኝ መንገድ ላይ ለግሞ።
ትናንት ዳገቱ ላይ
(ሳስካችዋን ነው ይኼ፣ አገሩ ሜዳ ነው፤
ዳገት የምንለው
የባቡር ሐዲዱን ያዘለ ጉብታ ነው)
ዷ! ብሎ ሲያስቆመኝ፣
ልጁ በአሮጌዬ ጥሩምባ ነፍቶ አለፈኝ።
እጁን አውለበለበ። እኔም አውለበለብኩ።
ምን ላድርግ።

ዮርክተን ወሰድኩት፣ ወደ ገዛሁበት።
ዳሪን ከኮምፒውተሩ ቀና ሳይል ቅንጣት፣
"ምንም ስሕተት የለም፣ ማሽኑ አላገኘም፤
ጤነኛ ነው" አለኝ፤ ዓይኔንም አላየም።
"አዲስ ካምቢዮ እኮ ነጂውን ያጠናል፤
እግርህን፣ አመልህን፣ ቀስ ብሎ ይቀዳል።
ጊዜ ስጠው በቃ።"

ወጣሁ። ቃሉ ግን ተከትሎኝ ገባ፣
ራት በላ ከእኔ ጋር፣ አልጋዬ ላይ ረባ።
ያጠናል? ምኔን ነው ሲያጠና የከረመው?
ልጄ ቫሲል እሑድ ከካልጋሪ ሲደውል የምለውን ነው?
"አባዬ፣ መሬቱን ሽጠውና ናልን።"
"እስኪ ይህ አዝመራ ይግባ" እላለሁ።
ይገባል። ሌላ እዘራለሁ።
መገንጠያው ጋ ስደርስ
በቀኝ ወደ ውል ጸሐፊው፣ በግራ ወደ ማሳዬ፣
ከነዳጁ ላይ ይነሣል እግሬ፣ ሳያማክረኝ ጌታዬ፤
ለቅጽበት ነው፣ ለአንዲት ትንፋሽ፤
ከዚያ ወደ ግራ፣ እንደ ሸሽ።
"ከእኔ ነው የቀዳው" አልኩ። ሌሊት ካፖርቴን ደርቤ ወርጄ
ይቅርታ ጠየቅሁት፣ ኮፈኑን ዳስሼ በእጄ።

ሁለተኛ ስሄድ ሌስተር ካርዲናልን ጠሩት ከጓሮ፣
አርባ ዓመት ሙሉ ካምቢዮ ሲፈታ ኖሮ
ጥፍሩ ሥር ያለው ዘይት ቆዳው ሆኗል።
"አንተ ንዳ" አለኝና ገብቶ ተቀመጠ፤
ዓይኑን ጨፈነ፤ መዳፉን ወለሉ ላይ አስቀመጠ።
ያ አውሬ
ሐኪም ፊት እንደ ቀረበ ልጅ ጨዋ ሆኖ ቁጭ!
አሥራ አንድ ኪሎሜትር፣ አንዴ እንኳ ሳይል ንቅንቅ።
አፈርኩኝ።
"ውጭ ይደር" አለ ሌስተር። "ጠዋት፣ በብርዱ፣ እንገናኝ።"

ከዜሮ በታች ሠላሳ አንድ። ጢማችን በረዶ ሠራ።
ከሁለት ወደ ሦስት — ዷ!
ሌስተር ፈገግ አለ፣ የጠፋ ዘመድ እንዳገኘ።
"እኔ ነኝ ወይ?" አልኩት።
"ምኑን?"
"ያስተማርኩት። ማመንታቱን።"
ረዘም አድርጎ አየኝ።
"ዘይት ሲቀዘቅዝ የምትጣበቅ ቫልቭ ናት፣ አውራ ጣት ታህላለች፤
ከፋብሪካ ስትወጣ ጀምራ ታማለች።
አንተን አታውቅህም።"

አንተን አታውቅህም።
ቀለለኝ። ደግሞም፣ ለምን እንደሆነ እንጃ፣ ትንሽ ከፋኝ።

ዕቃው ስድስት ሳምንት ዘገየ። እስከዚያ ብለው የሰጡኝ
ነጭ መኪና ነበረች፣ እንቁላል የምታህል፤
ውሻዬ አልገባም ብሎ ሰው ፊት አሳፈረኝ።

አሁን ይቀይራል፣ ቅቤ እንደሚያልፍ ቢላ፤
ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ ኮሽታ የለም ሌላ።
ዛሬ መገንጠያው ጋ ስደርስ
እግሬ ተነሣ።
መኪናው ምንም አላለም።
ቀኙን አየሁ፣ ግራውን አየሁ፤
በረዶው ሁለቱንም እኩል አልብሷቸዋል።
ከኋላዬ፣ በአሮጌዬ፣ የጎረቤቴ ልጅ
ጥሩምባ ይነፋል።