ተራራ ሲያስነጥስ

በሄይማኤይ ደሴት የክረምት ቀን አጭር ነው፤
ፀሐይ እንደ ባለዕዳ ከደጅ ቆማ ነው
ሰላም ብላ የምትሄደው።
ሌሊቱን ምን እናድርገው?
እኔ ዘጠኝ፣ ኢንግቫር ሰባት፣
ከአልጋችን ሥር፣ በባትሪ መብራት፣
አገር ፈጠርንና ቋንቋ ሰፋንላት።

ጨርቁ ቁርጥራጭ ነው፦ የመርከበኛ ስድብ፣
የዓሣ ስም ከነቅርፊቱ፣ የወፍ ጩኸት ከገደል፣
ጎረቤታችን ስቴይንቮር ስትቆጣ የምትውጠው ፊደል።
ግሡ ሦስት ጊዜ አለው፦ የሆነ፣ የሚሆን፣
እና ከዐመድ በታች የቀረ።
ሦስተኛውን ያወጣው ኢንግቫር ነበረ።

አገራችን ተራራ ነበራት፤ ኦሩዱ ይባላል፤
ሐሙስ ሐሙስ ከእራት በኋላ ይነሣል፤
ከተማው ይነዳል፣ ንጉሡ ይሸሻል፣
ዓርብ ጠዋት በላጲስ ሁሉም ይድናል።
«ፈነዳ» የሚል ቃል ግን አልሠራንም፤
«ሰዎቹ ይፈራሉ» አለ፤ አልተከራከርኩም።
አስነጠሰ ነበር የምንለው።
ሰዎቹም ከጣሪያ፣ ከጀልባ፣ ከማሳ፣
ቆብ አውልቀው ይመልሳሉ፦ «ኤማሉ»፤
ይማርህ እንደ ማለት ነው።
ይማርህ፣ ተራራው።

ከዚያ በጥር፣ ሌሊት ስምንት ሰዓት ሊሞላ ሲል፣
ከከብቶቹ በረት ማዶ ምድር
እንደ አሮጌ ስፌት ተተረተረ፤
የእሳት አጥር ቆመ፣ ሰማዩ ሳይነጋ በረበረ።
ማዕበል ስለነበር ጀልባዎቹ ወደብ አድረዋል፤
እናቴ ቀኑን ሙሉ ስትረግመው የዋለችው ማዕበል
ለካ እኛን ሊያወጣ ነው።
በሩን ቆለፈችው። ከማን? አልጠየቅናትም።

በጀልባው ጀርባ፣ በዓሣ ሽታና በሚያስመልስ ሰው መሐል፣
ኢንግቫር በሌሊት ልብሱ ተነሣ፣
የሱፍ ቆቡን አወለቀ፣
ቀዩን ሰማይ እያየ፣ በቀጭን ድምፅ፣
«ኤማሉ» አለ።
ማንም አልገባውም። ስቴይንቮር ብቻ
ጸሎት መስሏት
አሜን አለች።

በበጋ ስንመለስ፣ ወንዶቹ የባሕር ውኃ በቱቦ እየረጩ
የእሳቱን ጎርፍ ገትተውታል። ወደቡ ተረፈ።
ቤታችን አልተረፈም።
አልጋው፣ ከአልጋው ሥር ደብተሩ፣
በደብተሩ ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ቃል፣
ከዐመድ በታች የቀረ።
ለካ ሦስተኛው ጊዜ ለዚህ ነበረ።

ኢንግቫርን አምና ቀበርነው። እሳት አይደለም፣ ሳንባው ነው፤
ነጭ አልጋ፣ የታጠፈ አንሶላ።
ነርሷ በመጨረሻ ምን አለ ብላ ጠየቀችኝ፤
አፌን ከፍቼ ዘጋሁት።
አንድ ሰው ብቻ የሚያውቀው ቋንቋ
ቋንቋ ነው ወይስ ሳል?

ዛሬ አዲሱን ተራራ ወጣሁ፤
ጠጠሩን በጣቴ ብጭረው ሆዱ ገና ይሞቃል፣
ሃምሳ ዓመት አልፎት።
ነፋስ ቀዩን ትቢያ አነሣና
አስነጠሰኝ።

ትንሽ ቆምኩ፣
ምናልባት ይመልስ እንደሆነ።