ውሃ ልክ

መንደራ፣ ከወፍጮ ቤቱ ጎን፣
ሠላሳ ዓመት ሳንቃ ስልግ፣ ሳጠብቅ ብሎን፣
ባለሦስት እግር በርጩማ፣ የሙሽራ ቁም ሳጥን፣
ያልሠራሁት የለም፣ ከእንጨት የሚወለድ፤
ጀልባ ግን
ምን ሊሠራ ጅማ፣ በየትኛው መንገድ?

አይሱዙ አመጣው፣ በገመድ ታስሮ፣
እንደ ከሳ በሬ ጎድኑ ተቆጥሮ።
ቀፎውን ያነጠው የጣና ልጅ ነበር፤
"ውስጡን እናንተው ጨርሱት" ብሎ፣
ሂሳቡን ተቀብሎ፣ ተመልሷል ወደ አገር።

"ውስጡን ለቄስ" ይባላል፣ ላዩ አምሮ ውስጡ ለከፋ፤
ይኼ ግን ገና ባዶ ነው፣ ሬንጁ ብቻ የሚከረፋ።
ገብቼ ብስል፣ ሳሌ ከጎድን ጎድን ዞሮ
መለሰልኝ፣ እንደ ሌላ ሰው ጉሮሮ።

እንደ ልማዴ ውሃ ልኬን አውጥቼ
ወለሉ ላይ ባስቀምጥ
አረፋዋ ወዳንድ ጫፍ ሸሸች፤
ሽብልቅ ብከትላት፣ ማዶ ሄዳ ተወሸቀች።
ስኳድራዬ ዘጠና ሲል ግድግዳው ሌላ ይላል፤
ቀጥ ያለ ነገር የለውም፣ ሁለመናው ይጎብጣል።
ኢምራን፣ ተማሪዬ፣ ብርጭቆ ወረቀቱን ጥሎ ሳቀ፦
"ጋሼ፣ ይኼ ዕቃ ለምድር ነው።
እዚያ ሲደርስ ልኩን
የሚነግረው ውሃው ነው።"

አፈርኩ።
የሲሚንቶ ከረጢት ቀደድኩ፣ እንደ ልብስ ሰፊ ተንበረከክሁ፤
ብብቱን፣ ወገቡን፣ የጎኑን ጉብጠት በወረቀት ገለበጥሁ።
ቀረሮ ለወለሉ፣ ሞራሌ ለመደገፊያ፣
መንጠቆ ለመረቡ፣ ለነዳጁ ጀሪካን ማሰሪያ፣
ለትኬትና ለዳቦ አንዲት ትንሽ መሳቢያ።

በሦስተኛው ቀን አዴ ሹክሪያ፣ የጀልባው ባለቤት፣
በአህያ ጋሪ በር ጭና መጣች፣
የዋንዛ፣ የድሮ ቤት።
"ግድቡ ሲሞላ" አለች፣ "ሰው ቆርቆሮ ሲነቅል፣ ማገር ሲሸከም፣
አባ ዝናብ፣ ባሌ፣ በሩን ብቻ ነቀለ፣ ሌላ አልነካም።
'ምን ነካህ?' ብለው፣
'ውሃው ሳያንኳኳ ይግባ፣ እኔ በር አልከፍትለት!'
እሱ ከሞተ ወዲህ የዶሮ ቤት ሆኖ ነበር።
አንተ ደግሞ፣ አባ መጋዝ፣ ሰው ይቀመጥበት።"

መላጊያው ሲያልፍበት ጥቀርሻው ተላጠ፤
ከላባና ከጭስ ሥር ቡናማ ሥጋው ፈጠጠ።
ሃያ ዓመት ተርፎት ሽታው እንደ ትናንት።
መሐሉ ላይ የቁልፉ ቀዳዳ።
"ልድፈነው?" አልኳት፣
የሆነ ነገር እየጠበቅሁ፣ ዕንባ ወይም ተረት።
"ተወው" አለች። "ከሥሩ ዓሣ ይቀመጣል፤
አየር ይግባበት።"

ከአሰንዳቦ ወዲህ አወረድነው፣ ስምንት ሰው፣
በባሕር ዛፍ ግንድ እያንከባለልን፤
ኢምራን ጫማውን ጭቃ በላው።
ሌሎቹ ሞተሩን ሲያዩ፣ እኔ
ውሃ ልኬን ከኮቴ ኪስ ሰርቄ
በሩ ላይ አጋደምኩ።
አረፋዋ ተንቀጠቀጠች፤
ሄደች፤ መጣች፤
ለአንድ ትንፋሽ መሐል ቆማ
እንደገና ሄደች።

አዴ ሹክሪያ መሐል ላይ ሞተሩን አስጠፋች።
ምልክት የለም፣ ዛፍ የለም፣ ዙሪያው ውሃ ብቻ።
"በርበሬዬ እዚህ ነበር" አለች፤
መረቧን ጣለች።
ከበሩ ላይ ግን አልተነሳችም።

ስንመለስ መሳቢያው አልከፈት አለ፤
እንጨቱ ጠጥቶ አብጧል።
ሰኞ
መላጊያ ይዤ እመለሳለሁ።